የአውጫጭኙ ወፍ

አባቴ ግራዝማች ኃይለ ሚካኤል የአውራጃው ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ነበሩ። አገሩ "አያዳላም" ይላቸዋል። እኔ ልጃቸው ፈትለወርቅ የማውቀው ግን ፍርሃታቸውን ነው። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም። አርብ ገበያ ስንወርድ ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ ያዞሩኛል። ምነው ስላቸው "ዳኛ ጠላት አያጣም" ይሉኛል። ውሸታቸውን ነው፤ የሚፈሩት ታንጉት የምትባል አንዲት መበለት ነበር።

ይህን የነገሩኝ በ1955 ዓ.ም. ነው። በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ሲማሩ የአንድ ባላባት በሬ ተሰረቀና አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሌባው እስኪታወቅ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ያድራል፤ ወደ ቤቱ መሄድ የለም። ያየ ሰው ለሽማግሎች በስውር ይናገራል። "ወፍ" ይሉታል፤ ስሙ አይወጣም።

አራት ቀን ሆነ። የደረሰው ገብስ በረዶ እየመታው ሰዉ በክፉ ዓይን መተያየት ጀመረ። አባቴ መጤ ተማሪ ናቸውና ነገሩ ወደ እኔ ይዞራል ብለው ፈሩ። ያዩት በጭጋግ በሬ የሚነዳ፣ ጥቁር ባና የለበሰ ሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ጥቁር ባና ደግሞ ጓዴ የሚባለው የአገሩ ገበሬም ነበረው።

"ጓዴ ነው" አሉ ለሽማግሎቹ በስውር።

ጓዴ እስር ቤት ሞተ። ታንጉት ሚስቱ ነበረች።

አባቴ ከዚያ በኋላ ፍትሐ ነገሥት ተማሩ፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ቀጥሎም ዳኛ ሆኑ። ይግባኝ ችሎት በገቡ በሰባተኛው ዓመት የአስናቀ ጓዴ መዝገብ ቀረበላቸው። የጓዴ ልጅ! የሌላ ሰው የእህል ክምር አቃጥሏል ተብሎ፣ በወፍ ቃል ብቻ፣ አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ከችሎቱ ልውረድ ቢሉ ምክንያቱን ይጠየቃሉ። ፍርዱን ቢያጸኑ አባቱንም ልጁንም ሊበሉ ነው። ቢለቁት ደግሞ እናቱ ልታመሰግን ትመጣለች፤ ዓይኗን ማየት አለባቸው። ያን ሳምንት እህል አልቀመሱም፤ ይህን ሁሉ የነገሩኝም ያኔ ነው። እኔም ተናደድሁባቸው፤ አዘንሁላቸውም።

አብሯቸው የተሰየመው ዳኛ "አገሩ በወፍ ቃል ሲፈርድ ኖሯል" አላቸው።

"ፊቱ ያልታየ ምስክር የሰው ፊት ሳያይም ይመሰክራል" አሉና አስናቀን ለቀቁት።

ፍርዱን ልሰማ ሄጄ ነበር፤ ደጅ ስንወጣ ታንጉት ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች። አነሷት።

"ግራዝማች፣ ያኔ እንደርስዎ ያለ ዳኛ ቢኖር ጓዴዬ አይሞትም ነበር።"

አባቴ እጄን ጨምድደው ያዙ። ሊናገሩ ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እሷ ግን መዳፎቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነበር።

"የዚያን ወፍ ዘሩን እግዜር ይንቀለው። አሜን በሉኝ።"

ደጅ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ አሜን አለ። ታንጉት ወደ አባቴ ዞራ ጠበቀች።

"አሜን" አሉ አባቴ፣ እጄን ሳይለቁ።