ደጋፊው ነጥብ መዝጋቢ

ለቅርጫት ኳስ ስጮህ ድምፄ የተዘጋው ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ጨዋታው የማውቀው ረጃጅም ሰዎች እንደሚጫወቱት ብቻ ነበር። የምሠራው አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው፤ የተማሪ ማህደር አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። የቢሮዬ መስኮት የሚከፈተው ወደ ኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቱን ካልከፈትኩ መቀመጥ አልችልም፤ ከከፈትኩ ደግሞ የኳሱ ድብደባ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ተበሳጨሁ። በሁለተኛው ዓመት ኳሷ መግባቷንና መሳቷን ቀና ሳልል በድምጿ ብቻ ለየሁ። በሦስተኛው ወንበሬን ይዤ ወጣሁ።

የወደድኩት የሴቶቹን ቡድን ነው። ስምንት ናቸው። አምበላቸው የጨንቻ ልጅ ነች፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፣ ግን ኳስ ስታነጥር እጇንና ኳሷን መለየት ያስቸግራል። ሜዳው ሲሚንቶ ነው። በቢሮዬ በኩል ያለው ቀለበት በትንሹ ወደ ግራ ያጋደለ ሲሆን፣ የእኛ ልጆች ማጋደሉን ስለሚያውቁ እያካካሱ ይወረውራሉ። እንግዶች ግን አንድ ሩብ ሙሉ ሲስቱ ቆይተው ነው የሚገባቸው። ኮሌጁ ቀለበቱን ለማቃናት ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መሰላል የለም ብሎ መለሳቸው።

ይህ የንብረት ክፍል ኃላፊ የገረሴ ሰው ነው፤ እኩያዬና ጓደኛዬ። ከእኔ ጎን ተቀምጦ ነው የሚደግፈው። እኔ ስጮህ እሱ ያጨበጭባል፣ እሱ ሲጮህ እኔ ውኃ እጠጣለሁ።

አምና ውድድሩ ሲጀመር ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። አፍ አውጥቼ እናገራለሁ፣ ያን ጊዜ የማልቻል ሰው ሆኜ ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ ማንም ሳይጠይቀኝ ውጤት አወራለሁ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች፤ የሰው ስህተት ማረም ሥራዋ ነው። ሴቻ ሰፈር ያለው ቤታችን ገብቼ “ዛሬም አሸነፍን!” ስላት ከደብተር እርማቷ ቀና ሳትል፣

“አንተ ስንት አገባህ?” ትለኛለች።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ በአራት ነጥብ ተሸነፍን። ያጋጥማል አልን። ቀጥሎ በዘጠኝ ተሸነፍን። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደግሞ የእኛ ልጆች በዚያችው በሚያውቋት ጠማማ ቀለበት ላይ አስራ አንድ ቅጣት ምት ሳቱ። ዳኛው እንኳ ኳሷን ለአምበሏ ሲያቀብላት ዓይኑ ውስጥ ሐዘን አየሁ።

የንብረት ክፍሉ ጓደኛዬ ወዲያው ምክንያቱን አገኘ።

“ጾም ላይ ቀሊል ነበሩ። አሁን ሥጋ በልተው ከበዱ።”

“ግማሾቹ ፕሮቴስታንት ናቸው እኮ፤ መቼ ጾሙ?” አልኩት።

“እነሱም አብረው ከበዱ።”

በሚቀጥለው ሳምንት ጥፋቱን በጫማቸው አመካኘ፤ ከዚያ ከሐይቁ በኩል በሚመጣው ነፋስ፤ ከዚያ ደግሞ አንደኛዋ ተጫዋች ፍቅር ይዟታል አለ። የትኛዋ እንደሆነች ስጠይቀው ግን አያውቅም። እኔ በበኩሌ ጥፋቱ ያለው ክርናቸው ላይ ነው ብዬ አመንኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ሰው ስለ ክርን ሲያስረዳ አይቼ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ለመወርወር በተነሱ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ ብዬ “ክርንሽን! ክርንሽን ሰብሰብ!” እላለሁ። ለባለቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና፣

“ምናልባት ሌሎቹም ይለማመዱ ይሆናላ” አለችኝ።

ይህ ለእኔም ለጓደኛዬም ፈጽሞ አልታየንም ነበር።

በአራተኛው ሽንፈት ማግስት አምበሏ ወደ መስኮቴ መጣች። ጊዜያዊ የውጤት ማስረጃ ፈልጋ ነው። ማህደሯን እየፈለግኩ ዝም ማለት ስችል፣

“ለመሆኑ ምን ነካችሁ? ሰባት ጨዋታ እንደዚያ ተጫውታችሁ አሁን ኳስ አስጠላችሁ?” አልኳት።

ክርንንም አነሳሁ። እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በዝግታ፣

“ጋሼ፣ ከስምንታችን ስድስታችን ተመራቂ ነን” አለች። “የመውጫ ፈተናው ደርሷል። ጠዋት ልምምድ፣ ቀን ክፍል፣ ማታ ላይብረሪ ነን። ትናንት ቅጣት ምት ልወረውር ቆሜ፣ ስለ ኳሷ ሳይሆን ያልገባኝን ምዕራፍ ነው ሳስብ የነበረው።”

የፈተናውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። በአራት ስፒል ወጥሬ፣ እንዳይነቀል አድርጌ። የተመራቂዎቹንም ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ያመሳከርኩት እኔ ነኝ። ስድስቱ ስሞች በእጄ አልፈዋል። ከኳሱ ጋር አያይዤ ግን አላሰብኳቸውም። ለኔ ሬጅስትራር ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሌላ፣ ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች ሌላ ነበሩ።

ማስረጃዋን ሰጠኋት። “በርቺ” አልኳት። እውነትም አፍሬ ነበር። እፍረቱ እስከ ቅዳሜ ቆየ። ቅዳሜ ጨዋታው ተጀመረና በአምስተኛው ደቂቃ “ክርንሽን!” እያልኩ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

ሰኞ አሰልጣኙ ቢሮዬ መጣ። ወጣት የስፖርት መምህር ነው፣ ሲበዛ ትሁት።

“ጋሼ፣ አንድ እርዳታ ፈልጌ ነበር። ነጥብ መዝጋቢያችን ለሥልጠና ሄዷል። ጽሑፍዎ ቆንጆ ነው፣ ሥራዎም መዝገብ ነው። ለቀሩት ጨዋታዎች ቢመዘግቡልን?”

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዳኛው ጎን፣ ጠረጴዛ ላይ! እሺ ካልኩ በኋላ ነው፣ በሩ ጋ ደርሶ ዘወር ያለው።

“ታዲያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው መደገፍ አይፈቀድለትም፤ መጮህም ክልክል ነው። ደንብ ነው፣ ጋሼ።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጓደኛዬም አልቀረለትም፤ የነጥብ ሰሌዳውን ቁጥሮች የሚገለብጥ ሆነ። አሰልጣኙ በአንድ ጠዋት ሁለታችንንም ሥራ ሰጥቶ ዝም አሰኘን። እውነቱን ለመናገር፣ በውድድሩ ዘመን ሁሉ ከሠራቸው ዘዴዎች የተዋጣለት ይህ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንግዶቹ ባገቡ ቁጥር ነጥባቸውን በገዛ እጄ፣ በቆንጆ ጽሑፌ እጽፋለሁ። የእኛዎቹ ሲስቱ ደግሞ እስኪርቢቶዬን ነክሼ ዝም እላለሁ። በሁለት ጨዋታ ሦስት እስኪርቢቶ ጨረስኩ። ሁለቱንም ተሸነፍን።

የመጨረሻው ጨዋታ ከሶዶ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። ብናሸንፍ ሦስተኛ ሆነን ዋንጫ ባይሆን ሜዳሊያ እናገኛለን። አስር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሜዳው ዳር ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተማሪው ተጨናንቋል፤ ጦጣዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ ይዘዋል። ሰዓት ያዡ ከእንግዶቹ ጋር የመጣ ሰው ነው፤ ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም። ልጆቻችን ፈተናውን በዚያ ሳምንት ጨርሰው ስለነበር እንደ ጥንቱ ይሮጡ ጀመር። አምበሏ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ትበራለች። እኔ አፌን ዘግቼ፣ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር እየጨፈረ እመዘግባለሁ።

ሦስተኛው ሩብ ላይ አምበሏ በሁለት ተከላካዮች መካከል ሾልካ አገባች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ወዲያው ግን ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሳታነጥር ተራምዳለች፣ ነጥቡ አይቆጠርም። በወረቀቴ ላይ ሰረዝኩት። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ሰሌዳውን ገልብጦ፣ ፊቱን ወደ ተማሪው አዙሮ እጁን እያወዛወዘ ነበር። ፊሽካውን አልሰማም። ሁለቷ ነጥብ እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀረች።

ይህን ያየሁት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀና ስል ሰሌዳው አርባ ሁለት ለሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ወረቀቴ አርባ ለሠላሳ ዘጠኝ ነው። መጀመሪያ እኔ የዘለልኩት ነጥብ ይኖራል ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። የሰረዝኳት ሁለት ጋ ስደርስ ገባኝ።

እጄን አንስቼ ጨዋታውን ማስቆም ነበረብኝ። ኳሱ ሲቆም እናገራለሁ አልኩ። ኳሱ ቆመ፤ ግን የቆመው ለአምበሏ ቅጣት ምት ነው። አሁን ብናገር ልጅቷን እረብሻለሁ አልኩ። ሁለቱንም አገባች። ከዚያ ብናገር ደግሞ ደስታውን አበላሻለሁ። ሰው መናገር ካልፈለገ ምክንያት አያጣም፤ እኔ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት ያህል አገኘሁ። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ አከታትለው አገቡ። ሰሌዳው አርባ አራት ለአርባ ሦስት፣ እኛ መሪ። ወረቀቴ አርባ ሁለት ለአርባ ሦስት፣ እነሱ መሪ።

ግማሽ ደቂቃ ቀረ። ኳሱ በእኛ እጅ ነው። ልጆቻችን ሰሌዳውን አዩና፣ እየመሩ ስለመሰላቸው ሰዓቱን ለመግደል ይቀባበሉ ጀመር። አምበሏ ከቀለበቱ ሥር ብቻዋን ነጻ ሆና ኳስ ደረሳት። መወርወር ትችል ነበር። ወደ ኋላ መልሳ አቀበለች። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አልወጣም። ያን ሁሉ ወር ማንም ሳይፈልገኝ ስጮህ የነበርኩት ሰውዬ፣ መጮህ ያለብኝ ሰዓት ላይ ድምፅ አጣሁ።

ሰዓት ያዡ ደወለ። ተማሪው ሜዳ ገባ። ልጆቹ ተቃቀፉ፣ ጓደኛዬ ሰሌዳውን ጥሎ ዘለለ፣ ጦጣዎቹ ሸሹ። ዳኛው ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ወደ ጠረጴዛዬ መጣና ሊፈርም ወረቀቱን ስቦ አየ። አየና እኔን አየኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ወረቀቱ ነው ትክክል” አልኩት። “ሰሌዳው ላይ የተሻረች ሁለት ነጥብ አለች።”

ሁለቱም አሰልጣኞች መጡ። ከኋላዬ “ሽማግሌው ሸጠን!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳኛው ራሱ መሻሩን ቢያስታውስም ጩኸቱ አላስወራ አለው። ያን ጊዜ አምበሏ በላብ ርሳ በሰዎቹ መሃል ገባች።

“ልክ ናቸው። እኔ ነኝ የተራመድኩት፤ ፊሽካውን ሰምቻለሁ” አለች።

ተማሪው ጸጥ አለ። እንግዶቹ አንድ ባንድ ነገሩ ገባቸውና በዚያው ሜዳ ላይ፣ ሁለተኛውን የደስታ ጭፈራ እነሱ ጀመሩ።

ሰው ሲበተን አምበሏ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታ ነበር። የሰሌዳውን ስህተት መቼ እንዳየሁት ነገርኳት። ቅጣት ምቱንም፣ ምክንያቶቼንም።

“ቢነግሩን ኖሮ እወረውራት ነበር፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ።”

“ልስታትም እችል ነበር።”

“ከዚያ ቦታ አትስቻትም” አልኩ። እውነት ስለነበር እንጂ ላጽናናት አልነበረም። ሳቀች፤ ከሳቋ ውስጥ ግን ንዴቱ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልጠበቅኩም።

ለአሰልጣኙም እንዲሁ ነገርኩት። ትህትናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎድል አየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጓደኛዬ ለሦስት ቀን ሻይ አብሮኝ አልጠጣም። ቀድሜ ብናገር ሰሌዳውን እሱ ያስተካክል እንደነበር፣ ስለዚህም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ እንደሆነ ለሰው ሁሉ አስረዳ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ተቀመጠና፣ “እኔም ፊቴን ማዞር አልነበረብኝም” ብሎ ሻዩን አዘዘ። ባለቤቴ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምታ፣ አንዴ እንኳ አልቀለደችብኝም። ደብተሯን ዘግታ ኩርኩፋውን አቀረበች፤ የበቆሎውን ድብልብልና የሽፈራው ቅጠሉን ያለ ወሬ በላን። ያ ከቀልዷ ሁሉ ባሰብኝ።

ከሳምንታት በኋላ የፈተናው ውጤት ወጣ። ከስድስቱ አምስቱ አለፉ፤ አንዷ ለመድገም ተመዘገበች። አምበሏ ማስረጃዋን ልትወስድ መጣች። ጨንቻ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ለማስተማር ማመልከቻ አስገብታለች። ፈርማ ተቀበለችና አልሄደችም።

“ጋሼ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ወረቀት ቅጂ ይኖርዎታል?”

“የተሸነፋችሁበት? ምን ያደርግልሻል?”

“አስራ ዘጠኝ ነጥብ አግብቼበታለሁ” አለች። “ለእናቴ ነው የማሳየው። እንዲሁ ብነግራት አታምነኝም።”

ወረቀቱን ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ፎቶ ኮፒ ሳደርገው የተሰረዘችው ሁለት ቁጥር ቁልጭ ብላ ወጣች። አምበሏ በጣቷ ነክታ፣ “ይቺንም ጨምሬ ነው የምነግራት” አለች። የኮሌጁን ማህተም ልመታበት አልችልም፣ ደንብ ነው፤ ከታች ግን ስሜን ጽፌ ፈረምኩላት። ከማስረጃዋ ጋር በአንድ ፖስታ ከታ፣ የጨንቻው መኪና ሳይሞላ ልድረስ ብላ እየሮጠች ወጣች።