ሞተር የሌለው ጀልባ

የባለቤቴ አባት በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። ስለዚህ በቤታችን ስለ ውሃ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ጋራዣችን ውስጥ፣ ተቆራርጦ በካርቶን የመጣ የሸራ ጀልባ መገጣጠም ስጀምር ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"አንተ ዋና አትችልም። አባባ አብረውህ ካልሄዱ ውሃ ላይ አትወጣም።"

አባባ እሺ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጀልባውን ኮምፔንሳቶ በመዳብ ሽቦ እየሰፋን፣ ስፌቱን በኮላ እየደፈንን ከረምን። እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነፋስ ጀልባን ከኋላ ሲገፋው ይገባኛል፤ ከፊት ሲመጣስ ጀልባው እንዴት ወደ ነፋሱ ይሄዳል? መመሪያው ይሄዳል ይላል። አባባን ደጋግሜ ጠየቅኋቸው።

"ውሃው ላይ ስንደርስ ታየዋለህ" ይሉኛል፣ ሽቦውን እየጠመዘዙ።

ከቤታችን ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ስንደርስ ስፋቱን አይቼ ወደ ኋላ አልኩ። እሳቸው ሳቁብኝ። "አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል!" እውነትም አፈርኩ። መቅዘፊያውን መኪናው ውስጥ ተውኩት፤ ከባሕር ኃይል ሰው ጋር መቅዘፊያ ምን ያደርጋል?

ነፋሱ ከጀርባችን ነበር። ሸራው ተነፋና ጀልባው ሄደ። በእጄ የሰፋሁት ነገር ሲሄድ ሳይ በደስታ ጮህኩ። ባለቤቴ ዳር ላይ ቆማ እያነሰች፣ እያነሰች መጣች።

"አባባ፣ አሁን እንመለስ።"

አባባ ሸራውን አዩት፤ ገመዱን አዩት።

"እኔ እኮ ሞተር ክፍል ነበርኩ፣ ልጄ። መርከቡ ሆድ ውስጥ። ሸራ ነክቼም አላውቅ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? የጠየቅኸኝ ስለ ነፋሱ ነው። እሱን ደግሞ እኔም ማየት ፈልጌ ነበር። ብነግራችሁ ታስቀሩኝ ነበር።"

ተናደድኩ፤ ግን አንቱ እያሉ መቆጣት አይመችም። ሸራውን ሳብነው፤ ጀልባው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይብስ ራቀ። አባባ ጎንበስ ብለው መሐል ላይ ወደ ላይ የታሰረውን ሳንቃ ነካ ነካ አደረጉ።

"ይሄ ሥራው ምንድን ነው?"

የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሥራውን ግን አላውቅም። ፈትተን በጀልባው ሆድ በኩል ወደ ውሃው ገፋነው። መንሸራተቱ ቆመ። ጀልባው ሰያፍ እየቆረጠ ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ አዞርነው፤ በሌላው ጎንም ሄደ። አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያልን፣ ነፋሱ ፊታችንን እየመታ፣ ወደ ዳሩ ተጠጋን። ፍርሃቴን ረስቼ ሳንቃውንና ሸራውን እያየሁ ነበር።

ባለቤቴ ተጣጣፊ ስልኳን እያወዛወዘች በጫማዋ ውሃው ውስጥ ገባች።

"ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጌ ነፍስ አድን ልጠራ ነበር እኮ! አባባ ባይኖሩ ምን ይውጥህ ነበር?"

አባባ ሸራውን የሚያስተካክሉ መስለው አቀረቀሩ። እኔም አየኋቸው።

"ባሕር ኃይል አይደሉ እንዴ!" አልኳት።

እሷ ወደ ደረቁ ስትመለስ አባባ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"በል፣ መቅዘፊያውን ከመኪናው አምጣና እንደገና እንሂድ።"