ያልተተኮሰው ሸሚዝ

በምትሠራበት የልብስ ንጽሕና ቤት «ካውያዬ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። ሕግ አክባሪነቷ ደግሞ ለጉድ ነው። ቤት በቀየረች በሦስተኛው ቀን አዲሱን አድራሻዋን ታስመዘግባለች፤ ከተፈቀደላት ሰዓት አንዲት ደቂቃ አስበልጣ አትሠራም። ጭር ባለ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ካየች ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀለም ቀቢው ባሏ «አንቺ ሴትዮ፣ መብራቱ ራሱ አፈረ እኮ፤ ተሻገሪ!» እያለ ይስቅባታል።

ዘንድሮ የመኖሪያ ፈቃዷን ልታሳድስ ሄዳ ጣቶቿን የአሻራ ማንሻው መስታወት ላይ ብታሳርፍ፣ መሣሪያው አላውቅሽም አላት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። እንፋሎትና ትኩስ ብረት አሻራዋን በልተው ጨርሰውታል።

«እጅሽን አሳርፊና በአሥረኛው ቀን ተመለሺ» አለቻት የቢሮው ሠራተኛ። «ፈቃድሽ በማግሥቱ ያበቃል። ያኔም አሻራሽ ካልታየ ማመልከቻሽን መቀበል አልችልም።»

ቤቷ ገብታ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ሕግ አክብሬ፣ የገዛ ጣቴ ይካደኝ?»

ባሏ መዳፎቿን እንደ መጽሐፍ ገልጦ አያቸው። «አልካዱሽም፤ ደክሟቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሜቴ ነሽ። ውሃ መንካት የለ፣ ካውያ ማየት የለ!»

ከሥራዋ የዓመት ዕረፍቷን ወሰደች። እሱ ከሥራ ሲመለስ ሰሐን ያጥባል፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቅባት አሽቶ የጥጥ ጓንት ያጠልቅላታል። ጠዋት ጠዋት የካፖርቷን ቁልፍ ይቆልፋል፤ ፀጉሯንም ይጎነጉናል።

«ይሄ ሹሩባ ነው ወይስ የተፈታ ገመድ?»

«ገና አንደኛ ቅብ ነው፤ ሁለተኛውን ስደግመው ያምራል።»

በሰባተኛው ቀን በጣቶቿ ጫፍ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ አሉ፣ ካፊያ እንደነካው ማሳ። እሷም ለራሷ አንጎራጎረች፦

ጣቴም አልቆ ነበር ልብስ ሲተኩስ ኖሮ፣
እጅህ አበቀለው ስለኔ ተቸግሮ።

የቀጠሮው ጠዋት ባሏ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ለብሶ መጣ። ኮሌታው ወደ ላይ፣ ደረቱ ወደ ጎን። አንጀቷ አልቻለም፤ ጓንቷን አውልቃ ወደ ካውያው ተንደረደረች።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

«እንዲህ ሆነህ ከጎኔ ልትቆም? ሙያዬን አታዋርደው!»

«እኔ ተጨማድጄ ብገባ ማንም አያባርረኝም። ጓንትሽን አጥልቂ፣ የኔ እመቤት።»

ቢሮው ውስጥ ጣቶቿን አሳረፈች። ዘጠኙ አለፉ። አውራ ጣቷ ላይ መሣሪያው አመነታ። ባሏ ከኋላዋ በሹክሹክታ «በርታ፣ አሥረኛው ጣት» ሲል ሰማችው። አረንጓዴው መብራት በራ።

ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ተቀብላ ማኅተሙን መታችበት፤ ከዚያም የባልዬውን ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች አየችና «እውነትም እጅሽን አሳርፈሻል» አለቻት።

እሷ ዛሬም የሰው ልብስ ትተኩሳለች፤ አሁን ግን ጓንት ከእጇ አይለይም። ያን ሸሚዝ ብቻ እንደተጨማደደ በክብር ሰቅላዋለች። ከዚያ ወዲህ ካውያዋ ነክቶት አያውቅም።