የዘበኞች አለቃ

ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ ያስተማረችኝም የልጅ ልጄ ሩቲ ናት። ማንበብ እንደጀመርኩ የሥራ መታወቂያዋን አንስቼ «የጥብቅና ድርጅት» የሚለውን «የጥበቃ ድርጅት» ብዬ አነበብኩትና ሮጬ ለጎረቤታችን ለጋሽ ሾዴ ነገርኳቸው።

«ሩቲ ሥራ አስኪያጅ ሆነችልኝ፤ የዘበኞች አለቃ!»

ጋሽ ሾዴ ሽመናቸውን ሳያቋርጡ፣ «ተመስገን ነው! ታዲያ ለኔ ልጅ አንድ በር አትሰጠውም?» አሉ።

ማታ ሩቲ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጠበቆች እኮ ናቸው እማማ!»

ሩቲ የምትመራው፣ ቀድሞ በየግላቸው ይሠሩ የነበሩ ጠበቆች ተሰባስበው በአንድ ስም ያቋቋሙት ትልቅ ድርጅት ነው። እሷ ችሎት አትቆምም። የትኛውን ጉዳይ ማን ይያዝ፣ ጀማሪዎቹን ማን ያሠልጥን፣ ድርጅቱ ወደፊት በምን ይታወቅ የሚለውን የምታስበው እሷ ናት።

ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ልባቸው ገና አልተዋሐደም ነበር። ሁሉም «የኔ ደንበኛ» ይላል። በዕድሜም በልምድም ከሁሉ የሚበልጡት አቶ ዘርዓብሩክ ሐዋሳ ለችሎት ቀጠሮ በሄዱበት ቀን አንድ ደንበኛቸው በድንጋጤ መጥቶ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ሩቲም ደንበኛ የድርጅቱ ይሁን፣ እያንዳንዱን ጉዳይ ሁለት ጠበቆች ይወቁት አለች።

አቶ ዘርዓብሩክ ተቆጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያፈራሁትን ደንበኛ ለትናንት ልጅ? ከሆነማ እወጣለሁ!»

እሳቸው ከወጡ ሌሎቹም ይከተላሉ። እሑድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ሩቲ እህል አልቀምስ አለች።

«ነገ ስብሰባ አለን፤ ድርጅቱ ሊፈርስ ነው፣ እማማ።»

ስለ ሥራዋ ምን አውቄ ልምከራት? አብሬያት ጸለይኩ። ከዚያ ፊቷ እንዲፈታ ብዬ፣ «ቆይ፣ ጋሽ ሾዴን የልጅዎ በር ቀረ ልበላቸው?» አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አንድ ሐሳብ እንደመጣላት ሁሉ ቀና ብላ አየችኝና እንጀራውን ወደ ራሷ ሳበች።

በማግስቱ በስብሰባው ላይ ስሕተቴን አወራችላቸው። ሁሉም ሲስቁ አቶ ዘርዓብሩክም ሳቁ። ይኼኔ ሩቲ፣ «ዘበኛ ግን ተረኛው ሲመጣ በሩን ያስረክባል። የኔ በር ነው ብሎ ቁልፉን ይዞ ሐዋሳ አይሄድም» አለች።



«አያትሽ ሰደቡን» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ።

«ተሳስተው ነው፣ ጋሼ።»

«ንባቡን ተሳስተዋል። ስድቡን ግን አልተሳሳቱም።» ወደ ሌሎቹ ዞር አሉና፣ «በቃ፣ አንድ ደንበኛ ልስጥ። አንድ ብቻ! እሱንም አጠገቤ ተቀምጣችሁ ስትሠሩ ነው» አሉ።

ከወራት በኋላ ሩቲ ቢሮዋን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከበሩ በላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ጥብቅና ነው። አቶ ዘርዓብሩክ ከአንዲት ወጣት ጠበቃ ጋር ወጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ። የዛሬው ተረኛ ዘበኛ እኔ ነኝ» አሉና ልጅቷን ወደ እኔ አቀረቧት። «አይዳ ትባላለች። የደንበኞቻችንን ጉዳይ አብራኝ ትይዛለች።»

«ደንበኞቻችን» አሉ። ሩቲን ዘወር ብዬ አየኋት፤ ሰምታለች። ተመስገን ጌታዬ፣ አልኩ በልቤ፣ ፊደል ላስተማረችኝ ልጅ ስሕተቴን እንኳ ውለታ መመለሻ አደረግህልኝ።