የዓሣውን ደረጃ የደፈንኩት እኔ ነኝ

ግድባችን ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ ሲመረቅ ሥጋ በልቻለሁ፤ በርክክቡ ወረቀት ላይም አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ፊደል ለእኔ የዝንብ እግር ነው። የመስኖ ማኅበሩ የውሃ አባት አድርጎ የመረጠኝ ጠብ ስለማልፈራ እንጂ ለዕውቀቴ አይደለም። የውሃ አባት ማለት ከቦዩ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ የሁሉንም እርግማን በየተራ የሚቀበል ሰው ነው።

ግድብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን ወንዛችንን ከሰው ቁመት ትንሽ በሚበልጥ ግንብ አግደን ውሃውን ወደ ቦይ መለስነው፤ በቃ። በግንቡ ግራ ጫፍ መሐንዲሱ እንደ ደረጃ እየሆነ የሚወርድ ጠባብ ክፍተት ትቶ ነበር። በርክክቡ ቀን ስለዚያ ክፍተት አንድ ነገር ተናግሯል፤ በሬው ታርዶ ስለነበር ማንም አልሰማውም። በመጀመሪያው በጋ ውሃ ሲያንስ በዚያ በኩል እየሾለከ ሲሄድ አየንና ሰውዬው ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ አልን። የተረፈ ሲሚንቶ ነበር። በገዛ እጄ፣ አሳምሬ ደፈንኩት። ሰዉም መረቀኝ።

ድሮ ሐምሌ ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስ ነጭ ዓሣ ከበረሃው ወደ ደጋችን ይወጣ ነበር። ጠጠር ባለበት፣ ውሃው ሳሳ ባለበት ቦታ እንቁላሉን ጥሎ መስከረም ላይ ይመለሳል። ደረጃው ከተደፈነ በኋላ በመጣው ክረምት ዓሣው መውጫ አጥቶ ከግንቡ ሥር ተከመረ። እኛ ደግሞ ግድቡ ዓሣ አመጣልን ብለን ፈነደቅን። ብርብራ ወቅጠን ውሃው ላይ በተንን፤ ፍሬው ዓሣን ያደነዝዛል። ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ለቀምን። ካህናቱ ዓሣ በፍልሰታ ይበላል፣ አይበላም ብለው ተከራክረው ሳይጨርሱ እኛ አጥንቱን ጥለን ነበር። ሁለት ክረምት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ጥቂት መጣ፤ በአራተኛው ጠፋ። ዓሣው ተቀየመን ያሉ አሉ። ምን ይቀየማል? ሳይወልድ ጨረስነው እንጂ።

ማንበብ የተማርኩት አርባ አምስት ዓመቴ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው። በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀምጫለሁ። ፊደል መቁጠር ያስደስታል ይላሉ፤ እኔን ያናደደኝ ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ ያነበቡልኝ ሰዎች ምን ምን እንደዘለሉብኝ ማወቅ ጀመርኩ። የማኅበሩን ሳጥን ከፍቼ ጣቴ ያረፈባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሳነብ ከርክክቡ ወረቀት ደረስኩ። በግንቡ ግራ ያለው ደረጃ ዓሣ የሚወጣበት ነው፤ አይደፈንም ይላል። ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ። ማንበቤ የተሳሳተ እንዲሆን እየተመኘሁ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ሰኔ ላይ ስብሰባ ጠራሁ። በክረምት መስኖ አያስፈልገንም፤ ደረጃውን እንክፈተው፤ ዝናቡ ሲያቆም በሳንቃ እንዘጋዋለን፤ ብርብራም ይቅር አልኩ። ሳቁብኝ። አንዱ ተነስቶ ዓሣውም አብሮኝ ፊደል ቆጥሮ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ያልሳቁት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ማሳቸው ከቦዩ ጭራ ላይ ስለሆነ ውሃ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። ሳንቃው ቢያፈስ ቀድሞ የሚደርቀው የእሳቸው ድንች ነው።

«ጥር ላይ ድንቼ ሲጠወልግ ዓሣህን ታበላኛለህ?» አሉኝ።

«የእኔን ተራ ይወስዳሉ፣ የሽንኩርቴን ውሃ። ጎደለብኝ ባሉ ቀን።»

«በሰው ፊት ነው ያልከው።»

«በሰው ፊት ነው። ሳንቃውም እርስዎ ቤት ይቀመጥ። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ እርስዎ ይወስኑ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና እሺ፣ ይከፈት አሉ። ከእሳቸው በላይ የሚጎዳ ሰው ስላልነበረ ሌላውም ተስማማ።

ደረጃውን ለመክፈት በዲጂኖ ሦስት ቀን ደበደብኩ። ሊያግዘኝ የመጣ የለም፤ ሊያይ የመጣ ግን ሞልቷል። በዚያ ክረምት የወጣው ዓሣ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቢሆንም ወጣ። ብርብራ ይዞ የመጣ ጎረቤቴን ከረጢቱን ቀምቼ እሳት ውስጥ ጣልኩበት፤ ሊከሰኝ ወረዳው ከተማ የጁቤ ድረስ ሄዷል። ጥር ላይ ሳንቃው አፈሰሰ። አሮጊቷ ጎደለብኝ አሉ፤ ሁለት ተራ ለቀቅኩላቸው። ሽንኩርቴ ነጭ ሽንኩርት አክሎ ቀረ። ባለቤቴ ለሳምንት ያህል ከላም ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አላወራችም። ሳንቃውን በሚቀጥለው ዓመት በጭቃና በጭድ እየደፈንን ማስገባት ለመድን፤ ማፍሰሱ ቀረ። ዓሣውም በየክረምቱ በዛ። ትክክል ነበርኩ። ይህን ለማለት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ደረጃው በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀድሞ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው የቦይ ተራ የእኔ ነበር፤ የሽንኩርት ችግኝ አዛውሬ ጨርሻለሁ። ሳንቃውን ልወስድ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። ምርኩዛቸውን አነሱና መጀመሪያ ወንዝ ወርደን እንይ አሉ። ግንቡ ላይ ቆመን አየን። ዓሦቹ ሆዳቸው ከስቶ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ።

«አይዘጋም» አሉ። «እናቶቹ ገና እየወረዱ ነው።»

«ችግኜ እየጠወለገ ነው እኮ፣ እማማ።»

«አየሁት፤ በማሳህ በኩል ነው የመጣነው።»

«ስንት ቀን ልጠብቅ?»

«እስኪጨርሱ።»

ቤቴ ሄጄ ሁለት ባልዲ አመጣሁና ከወንዝ ወደ ማሳ መመላለስ ጀመርኩ። የሚያልፈው ሁሉ የውሃ አባት ውሃ ተሸከመ እያለ ሳቀ፤ ይሳቅ። ስድስት ቀን ተሸከምኩ። በስድስተኛው ቀን ማታ አሮጊቷ ሰው ላኩብኝ፦ የመጨረሻዎቹ ወርደዋል፣ ነገ በጠዋት መጥተህ ሳንቃውን ውሰድ።