ከመስቀሉ ሥር የተጻፈው

ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስመለስ ሁለት ጎልማሶች ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የጠፋውን የደብራችንን የብር መስቀል ከውጭ አገር ለማስመለስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ በዓይኗ ያየችው እሷ ብቻ ናት ተብሎ ስሜ ተነሥቷል። «እማማ፣ ያዩትን ይንገሩን» አሉኝ። አስገብቼ ጠላ ቀዳሁላቸውና ነገርኋቸው።

መስቀሉ ሲጠፋ የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባቴ ነበሩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ስለነበረ ሸጡት ተባለ። ታሰሩ፤ ማስረጃ ሲታጣ ተፈቱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የእጅ መስቀላቸውን ሲያወጡ፣ አላፊ አግዳሚው ሳይሳለም አንገቱን ደፍቶ ያልፋቸው ጀመር። ያወጡትን መልሰው ይከቱታል።

እኔ ነርስ ሆኜ አርብ ገበያ ከተማ ጤና ጣቢያ ስሠራ ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ ተላክሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር። እኛ ዘንድ ጤፉ ቢጫ ሲለብስ እዚያ ሰማዩ አመድ መስሎ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ምግባቸው አልስማማ ስላለኝ እሑድ እሑድ ከቤት የያዝሁትን ቆሎ እየቆረጠምሁ በእግሬ እዞራለሁ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲበረታብኝ ከጫማ መሸጫ ጎን ወዳለ ጠባብ ቤት ገባሁ። ለካ ሙዚየም ነው፤ ባለቤትነታቸው የሚያከራክር ቅርሶች ብቻ የሚታዩበት። ከእኔ በቀር ጎብኚ አልነበረም።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ተከልሎበት፣ መስቀላችን ቆሟል። የደብራችን ስም በግእዝ ተቀርጾበታል፤ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረው ክንዱም እንዳለ ነው። እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ከታወቀ አባቴ ነጻ ወጡ ብዬ አለቀስሁ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁ፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጠባቂ በፈቃዱ የተገዛ።»

የሙዚየሙ ኃላፊ ሽበታም ሰው ነበር፤ ወንበር አቀረበልኝ።

«ይህን ማን ነገራችሁ?» አልሁት።

«ያመጣው ነጋዴ። አሁን በሕይወት የለም።»

«ዕቃ ጠባቂው አባቴ ናቸው። አልሸጡም። አጥፉልኝ።»

«አንሰርዝም» አለ ፈገግ ብሎ፤ «የእርስዎን ተቃውሞ ከሥሩ እንጨምራለን። ጎብኚ የሚመጣልን እኮ ለክርክሩ ነው።»

ከዚያ ካሜራውን አንሥቶ ከመስቀሉ አጠገብ እንድቆምለት ለመነኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ትቼው ወደ ዝናቡ ወጣሁ።

አገሬ ስገባ አባቴ አስቀድመው የጠየቁኝ፣ «ክንዱ ደኅና ነው?» ብለው ነው።

«ደኅና ነው፣ አባባ።»

«ተመስገን» ብለው ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጽሑፉንም ነገርኋቸው። «ለሕዝቡ ንገሪ» አሉኝ።

«ይቅርብን፤ ይብስብዎታል።»

«ያለበትን እያወቁ መደበቅ ነው ሌብነት። ንገሪ፤ ጽሑፉንም ሳትቀንሺ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐጸዱ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ተናገርሁ። መስቀሉ መገኘቱን ሲሰሙ እልል አሉ። ጽሑፉን ስናገር እልልታው ቀጥ አለ።

«ፈረንጅ እንኳ መሰከረባቸው!» አለ አንዱ።

አባቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ከአጠገባቸው ስባ ወሰደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ሲያርፉም ከካህናቱ መቃብር አርቀው፣ ውሃ የሚያጥለቀልቀው ጥግ ላይ ቀበሯቸው።

ጎልማሶቹ ሰምተው ሲያበቁ አንደኛው፣ «የከተማውን ስም ይድገሙልን» አለኝ። ደገምሁለት።

«የአባቴስ ነገር?» አልሁት።

«እማማ፣ እሱ ቢቆየን ይሻላል። ዕቃ ጠባቂው ሸጧል ከተባለማ አይመልሱልንም፤ ባናነሣው ነው የሚሻል።»

በክፋት አልተናገረውም። አባቴን አያውቃቸውም፤ ጠላውን ጠጥቶ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

መስቀሉ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ከበሮ ይመታል፤ ጥላ ይዘረጋል፤ እኔንም ያገኘችው እሷ ናት ብለው ከፊት ያስቀምጡኝ ይሆናል። ያን ቀን ወጥቼ ልቀበለው ወይስ ቤቴን ዘግቼ ልዋል፣ እስካሁን አልቆረጥሁም።