ለድቢቱ የተሠራ ገንፎ

እህቴ ማንአልሞሽ አራስ አለች ከተባለ እግሯ ቤት አይቆይም። በዋሽንግተን ስቴት ከታኮማ ከተማ እስከ ኤቨረት፣ እናቷ አጠገቧ የሌለች ሐበሻ ከወለደች፣ አረጋውያን ከምትጦርበት ነርሲንግ ሆም ደክሟት ገብታ እንኳ ገንፎ አገንፍታ መኪናዋን ታስነሳለች። እሷ ሲያትል ስትወልድ አንድ ሰው አልጠየቃትም፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

አምና ሁዳዴ ሊፈታ ሲል፣ ኢሳኳ ከተማ፣ ጫካው ጥግ ካለው ቤታችን ጓሮ ጥቁር ድብ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ብቅ አለች። እኔ በሩን ቆለፍኩ። ማንአልሞሽ ግን በመስኮት እያየች፣ «ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?» አለች።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ፎኔን አውጥቼ ስለ ጥቁር ድብ አነበብኩላት። ሰመር ላይ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ከወንዱ ትገናኛለች፤ እሱ መንገዱን ይቀጥላል። ጽንሱ እስከ መኸር ሳያድግ ይቆይና እሷ በደንብ ከወፈረች ብቻ ያድጋል። ዊንተር ላይ፣ በብርዱ ወራት፣ ዋሻዋ ውስጥ ትወልዳለች፤ እህል ውሃ ሳትቀምስ ታጠባለች። እስከ ሁለተኛው ሰመር ብቻዋን ታሳድጋቸዋለች።

«በስመ አብ! አራስ ናታ!» አለች።

እሷ ጿሚ፣ ለድብ ግን ቅቤና ማር ያለው ገንፎ ሠራች!

«አንቺ፣ አብደሻል እንዴ? አውሬ እኮ ናት!» ብዬ ጮህኩባት።

«አራስ ርቧት እያየሁ ዝም ልበል? ግፍ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጓሮ እያስቀመጠች፣ «ነይ እናቴ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ» ትላለች። እነሱም ይመጣሉ።

ድቢቱ ሰው መፍራት ተወች። ሐምሌ ላይ የጎረቤታችንን የመኪና ጋራዥ በር ገንጥላ ገባች፤ ሰውዬው ሲወጣባት ክንዱን ዘነጠለችው። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች መጥተው ገደሏት። ማንአልሞሽ ተኩሱን ሰምታ ደረቷን እየደቃች ወጣች።

ግልገሎቹ ጥድ ላይ ወጥተው ተጣብቀዋል። «እናታቸው ካልጠራቻቸው አይወርዱም» አለኝ አንዱ ጠባቂ። «ሰው ካልለመዱ ግን ተስፋ አላቸው። ማሳደጊያ ቆይተው፣ ሲጠነክሩ ጫካ እንለቃቸዋለን።»

ማንአልሞሽ አልሰማችውም። እያለቀሰች ዛፉ ስር ሄዳ፣ «ኑ ልጆቼ፣ አይዟችሁ፣ ኑ» አለች።

ሁለቱም ቀጥ ብለው ወረዱላት። አንዱ እጇን አሸተተ።

ጠባቂው ኮፍያውን አወለቀ። «በቃ፣ እነዚህ ጫካ አይመለሱም» አለ።

«ምነው አፌን ባልከፈትኩ» አለች እህቴ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ።